ቲሸርቱ እንጅባራ ደርሷል

ቲሸርቱ ብርቱካናማ ነው። ደረቱ ላይ ተራራ ተሥሏል፤ ጫፉ ላይ አንድ ሳይክል ነጂ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቷል። ጀርባው ላይ «ባሕር ዳር – እንጅባራ፤ ዳገት አይበግረንም!» ይላል። ጥጡ ደግሞ መልካም ነው። ሦስት ጊዜ ታጥቦ ቀለሙ አልለቀቀም። በዕድሜዬ እንዲህ የተለፋበት ጉዞ አላየሁም። ስለዚህ የዛሬውን ጽሑፍ ለምስጋና አውዬዋለሁ። ስነቅፍ የኖርሁት ይበቃኛል።

ነገሩ የሆነው መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ነው። ያኔ ሰው እሑድ ማለዳ ተነሥቶ እንጅባራ ሄዶ ይመለስ ነበር። እኛ የባሕር ዳር ልጆች መቼም ከሳይክል ጋር ነው ያደግነው። ከተማችን ሜዳ ናት። ከሐይቁ ዳር ተነሥተህ አባይ ድልድይ እስክትደርስ ላብህ ጠብ አይልም። ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ደግሞ አንድ ጸጋ አለው። ስለ ዳገት ሲያወራ አይደክመውም።

ሐሳቡ የተወለደው ማኪያቶ ላይ ነው። አንዱ ወዳጃችን «ለምን እንጅባራ ድረስ በሳይክል አንሄድም?» አለ። መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እንጅባራ ከ2,500 ታልፋለች። እዚያ ላይ አየሩም ይሳሳል፤ ደረት የሚያገኘው ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ይህን ያሰላ ሰው አልነበረም። ወዲያው የተሰላው ኮሚቴ ውስጥ ስንት ሰው ይግባ የሚለው ነው።

አሥራ አራት ነጂዎች ነበርን። አምስቱ ዐቢይ ኮሚቴ ገቡ። ሦስቱ የቲሸርት ንዑስ ኮሚቴ፣ ሦስቱ የምግብ፣ ሁለቱ የሚዲያ ሆኑ። አንድ ሰው ተረፈ። ቅር እንዳይለው «አማካሪ» ተባለ።

ቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። በሳምንቱ 86 ሰው ገባ። ሳይክል ያለን ያው አሥራ አራታችን ነን፤ የቀሩት ሞራል ሊሰጡ ነው የመጡት። በየማለዳው አበባ ያለበት «እንዴት አደራችሁ ጀግኖች» ይመጣል። አማካሪው ታሪክ ይልክልናል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ሳይክል ነጂዎች አሰልፋ እንደነበር ያወቅሁት ከእሱ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑንም እሱ ነው የነገረን። «እነሱ ፈረንሳይን ከዞሩ እኛን መራዊ ያቅተናል?» ብሎ ጻፈ። ሰባ ሰው ልብ ሰጠው። እኔም ሰጠሁት። ያን ሌሊት በጀርባዬ ተኝቼ ዳንግላን ሳልቆም አለፍሁ።

አንድ ችኩል አባል «እንጅባራማ ቀላል ናት፤ አባይ በረሃን እንውረደው» ብሎ ነበር። ከደጀን ጎሐ ፅዮን 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት ብሎ ካርታ ላከ። ካርታ ጥሩ ነገር ነው፤ ዳገት አያሳይም። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መልሶ እንደሚወጣ ያስታወሰው የለም። የቀረው ለቲሸርቱ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። «ደጀን – አባይ በረሃ – ጎሐ ፅዮን» የሚለው ጽሑፍ ጀርባ ላይ አልበቃም።

ስለ ቲሸርቱ ቀለም ሦስት ስብሰባ አደረግን። በሦስተኛው ላይ አንድ ሰው «ልምምድስ?» ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው «ከአጀንዳ አንውጣ» አለው። ልክ ነበረ። ሰው ከአጀንዳ ከወጣ ነገ ከመንገድም ይወጣል።

እኔ ግን ልቤ አላረፈምና ሳይክሌን ይዤ ጎሚስታዬ ዘንድ ሄድሁ። ሽማግሌ ነው። ዘንባባ ሥር፣ የውስጥ ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እየፈለገ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ እንጅባራ ልንሄድ ነው።»

«በምን?»

«በሳይክል።»

ጎማውን ከውኃው አወጣና ቀና ብሎ አየኝ።

«ቤዛዊትን ወጥተሃታል?»

ዝም አልሁ። ቤዛዊት ማለት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው፣ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት የተሠራበት ኮረብታ ነው።

«በል ስማኝ» አለ። «በሳምንት ሦስት ቀን ቤዛዊትን ውጣት። ቅዳሜ ቅዳሜ መራዊ ደርሰህ ተመለስ። መጀመሪያ እስከ መሸንቲ፣ ኋላ እስከ መራዊ፤ ቀስ እያልህ ጨምር። ሁለት ወር እንዲህ ካልህ እግርህ ራሱ ይነግርሃል። ዳገቱ ሳይዝህ ማርሽህን ቀንስ። ከያዘህ በኋላ ብትቀይር ካቴናው ይጮህብሃል፤ ሊበጠስም ይችላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዘህ አትቅር፤ ያዝ ለቀቅ አድርገው፣ አለዚያ ይግላል። ሳይርብህ ብላ፤ ሳይጠማህ ጠጣ። ትርፍ የውስጥ ጎማና ፖምፓ ያዝ። ሌላ ምንም የለውም።»

ይህን ሁሉ ለኮሚቴው አቀረብሁ። አጨበጨቡልኝ። ምክሩ አንድም ቃል ሳይጎድል በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። እስከ ዛሬ ከዚያ አልወጣም።

አንድ ጊዜ ልምምድ አድርገናል፤ መዋሸት አያስፈልግም። ቤዛዊት ሄድን። ዳገቱን በባጃጅ ወጣን፤ ሳይክሎቹ ጣራው ላይ ታስረው ነበር። እላይ ስንደርስ አውርደናቸው አባይን ከኋላ አድርገን ፎቶ ተነሣን። ቁልቁለቱን በሳይክል ወረድነው። የሚዲያ ኮሚቴው «ልምምዱ ተጠናክሮ ቀጥሏል» ብሎ ለጠፈው። 86 ሰው አየው።

ዋዜማውን የምግብ ኮሚቴው ያዘው። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ እህል ማብዛት አለበት ይባላል። ፓስታ፣ ሩዝ፣ እንጀራ። ጡንቻ የሚያጠራቅመው ኃይል ከእህል ነው የሚመጣው፤ እሱም ቢሆን ተግተህ ከነዳህ ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም። አንዱ ልጅ ይህን አንብቦ ፓስታ እንብላ አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ተቆጣ። «ጣልያንን ያሸነፍነው ፓስታ በልተን ነው?» አለ። ክርክሩ እዚያው ላይ አለቀ። ቁርጥ ቀረበ። ጠጅ መጣ፤ ማር ጉልበት ነውና። ብርሌው ሲዞር አማካሪው «ለፈሳሽ ነው፤ ሳይጠማህ ጠጣ ተብሏል» እያለ ያበረታታን ነበር። ለካ ቃለ ጉባኤውን ያነበበ ሰው ነበረ!

እቤት ስገባ እናቴ በሶ ቋጥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። «ያለ በሶ መንገድ ትወጣለህ እንዴ?» አለችኝ። «እማዬ፣ የስፖርት መጠጥ አለን» አልኋት። አልመለሰችልኝም። ቋጠሮውን ቦርሳዬ ውስጥ ከታችኛው ኪስ ከተተችው። ሰው እንዳያይብኝ ሶክስ ደረብሁበት።

መነሻው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነበረ። ባነሩ ሁለት ሰዓት ላይ ተሰቀለ። የክብር እንግዳው ሁለት ተኩል ላይ ደረሱ። ንግግር አደረጉ፤ ስፖርት ለጤና ያለውን ጥቅም ከቆምነው ሰዎች ፊት ለአርባ ደቂቃ አብራሩ። ሪባን ተቆረጠ። ስንነሣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። አስፋልቱ ግሏል፤ ቁርጡም ገና አልወረደም።

ስለ አነዳዳችን ግን ልናገር። በቡድን ሲነዳ የፊተኛው ነፋሱን ይቀበላል፤ ከኋላው የተጠጋ ሰው ሜዳ ላይ እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። እየተፈራረቁ ፊት መያዝ ነው ብልሃቱ። እኛ ዘንድ ኋላ መሆን የፈለገ አልተገኘም። የሚቀርፀን ፒክአፕ ከፊት ነበራ! አሥራ አራታችንም ጎን ለጎን ተሰልፈን፣ መንገዱን ዘግተን፣ ነፋሱን በእኩልነት ተካፈልነው። ከኋላችን አይሱዙው ጡሩምባ ይነፋል። «ሕዝቡ እየደገፈን ነው» አለ አማካሪው።

መሸንቲ ሳንደርስ ሁለቱ ፒክአፑ ላይ ወጡ። አንዱ ጉልበቱን አሞት፤ አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ። ከመሸንቲ በኋላ ሌሎች አራት ወጡ። መውጣት አይባልም፤ «ለአስተባባሪነት ተዛወሩ» ነው የሚባለው።

እኔ ከመራዊ በፊት ያለችው ዳገት ላይ ወርጄ መግፋት ጀመርሁ። ማርሼን አስቀድሜ መቀነስ ነበረብኝ፤ ከያዘኝ በኋላ ቀየርሁት። ካቴናው ጋሼ እንዳለው ጮኸ። ጎኔ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ያህል ልጅ የራሱን ሳይክል ይገፋል። አሮጌ የቻይና ሳይክል ነው፤ ከኋላው አንድ ጆንያ የቆጋ መስኖ ሽንኩርት ታስሯል። ጎን ለጎን ዝም ብለን ትንሽ ገፋን።

«ጋሼ፣ ስንት ማርሽ አለው?» አለኝ።

«ሃያ አንድ።»

«ኧረ! ታዲያ ለምን ይገፉታል?»

«አንተስ?»

«የኔማ አንድ ናት።»

ከዚያ ዘግየት ብሎ ጀርባዬን ማንበብ ያዘ። ፊደል በፊደል ነው የሚያነበው። «ዳ‑ገት አይ‑በ‑ግ‑ረንም» አለ። ዳገቱን አየ። እኔን አየ። ምንም አላለም። አስተዳደጉ ጥሩ ነው።

እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጥላ ሥር ተቀመጥን። የስፖርት መጠጡ ከፒክአፑ ጋር ቀድሞ ሄዷል። ከሶክሱ ሥር ቋጠሮውን አወጣሁ። ልጁ የሃይላንዱን ውኃ አጋመሰ፤ በሶውን በመዳፉ እያሾለ በጠርሙሱ አፍ አስገባ፤ ክዳኑን ገጥሞ ናጠው። ተቀባብለን ጠጣን። ከዓይኔ ላይ የነበረው ጭጋግ ቀስ እያለ ተገፈፈ። ልጁ ዳገቱ አናት ላይ ሲደርስ ሳይክሉ ላይ ወጣና ከነሽንኩርቱ ወደ መራዊ ተፈተለከ። ቲሸርት ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ግን አልተመዘገበም።

መራዊ ላይ እኔም ተዛወርሁ። ፒክአፑ ስለሞላ አንድ አይሱዙ ተኮናተርን። ወተት አባይንና ዱርቤቴን እየዘፈንን አለፍናቸው። ዳንግላ ላይ ምሳ በላን፤ ብዙ ጉልበት አውጥተናልና ጥብስ ተጨመረልን። ከአዲስ ቅዳም በኋላ አየሩ ቀዘቀዘ። አካባቢው ሲያምር! በሳይክል ቢሆን አንገታችንን ደፍተን እናልፈው ነበር።

እንጅባራ አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀራት መኪኖቹ ቆሙ። ሳይክሎቹ ወረዱ። የሚዲያ ኮሚቴው ውኃ አመጣና ግንባራችንን ረጨን፤ ላብ መሆኑ ነው። ከዚያ እየጮኽን፣ ጡሩምባ እየተነፋልን ከተማዋ ገባን። የእንጅባራ ሰው በጨዋነት ቆሞ አየን። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች የሚጋልቡባት ከተማ ናት፤ ፈረሰኛ ብርቋ አይደለም። ፈረሱን መኪና ላይ ጭኖ የመጣ ፈረሰኛ ግን ያን ቀን ሳታይ አልቀረችም። ዘንገና ሐይቅ ሄደን እጃችንን ወደ ሰማይ ዘርግተን ፎቶ ተነሣን። ልክ እንደ ቲሸርቱ።

የግምገማው ስብሰባ በሳምንቱ ተካሄደ። ጉዞው በታቀደው መሠረት ተሳክቷል ተባለ። እንደ ድክመት የተነሣው ኤክስ ኤል ማነሱ ነው። ለቀጣዩ ዓመት አባይ በረሃ ተወሰነ፤ ጽሑፉ በሁለት መስመር ይገባል ተብሏል። እኔ አማካሪ ሆኛለሁ።

በማግስቱ ካቴናውን ላሳይ ጎሚስታዬ ዘንድ ሄድሁ። ሳይክሉን ገለበጠው። ቸርኬውን አንድ ጊዜ አሽከረከረ። ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጥርሱን ዳሰሰ።

«ያኔ የነፋሁልህ ነፋስ እንዳለ ነው» አለ። «እንጅባራ ደረስሁ ነው ያልኸኝ?»

«ቲሸርቱን አያዩትም ጋሼ?»

ጠጋ ብሎ ጫፉን በሁለት ጣቱ ያዘና አሸት አሸት አደረገው።

«ጥጥ ነው?»

«ንጹሕ ጥጥ።»

«ትርፍ አላችሁ?»

ደስ አለኝ። ከካርቶኑ ውስጥ አዲስ አንድ አመጣሁለት። ዘረጋው፤ ተራራውንም ነጂውንም አየ። ከዚያ መሐል ለመሐል ቀደደውና በአንዱ ቁራጭ የካቴናዬን ግራሶ ይጠርግ ጀመር።

«እውነትም መልካም ጥጥ» አለ።