ይድረስ ለ25 ደቂቃ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

ስልኬ ላይ ነው የተዋወቅነው። «ከኮምቦልቻ ላሊበላ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም ወሎ፣ ሁለቱም የአውሮፕላን ማረፊያ ያላቸው። ብቅ አልክ፦ ርቀት 127 ኪሎ ሜትር፣ በረራ 25 ደቂቃ። አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ተራራውን ሁሉ ረግጣ አለፈች። ስታምር!

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ላሊበላ ያለችው አክስቴ አረፈች። ገና ሳይነጋ አጎቴ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ እንዳትቀብሩ። በአውሮፕላን 25 ደቂቃ ነው፤ እደርሳለሁ» አልኩት። እሱም ለለቀስተኛው ተናገረ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደሴ፣ ትኬት ቢሮው በር ላይ ተገተርኩ። ተራዬ ሲደርስ «ላሊበላ፣ ለዛሬ» አልኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን ነካካች። «በአዲስ አበባ በኩል ነው» አለች። አልገባኝም። ደገመችልኝ፦ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ እዚያ አዳር፣ በማግስቱ ላሊበላ። ስልኬን በመስኮቱ አስገብቼ አንተን አሳየኋት። አየችህ። ባልደረባዋን ጠራች፤ እሱም አየህ። ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ። ከኋላዬ የቆሙ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው መስመሯን ተመለከቱና «ይሄማ የአሞራ መንገድ ነው ልጄ፣ አብሽር» አሉ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እንደለበስኩ ነው የሳቁብኝ።

እስቲ እናስላው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በቀጥታ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ 330 ገደማ። 127ቱን ለመሄድ 580! ከሳሎን ወደ ጓዳ ለመግባት ደሴ ሸዋ በር ድረስ ዞሮ መምጣት በለው።

አወላለድህንም አጠያየቅሁ። ርቀቱ በአውሮፕላን ፍጥነት ይካፈላል፣ ለመነሻና ለማረፊያ ጥቂት ደቂቃ ጣል ይደረጋል፣ አለቀ። አውሮፕላኑ ይኑር አይኑር ማን ይጠይቃል? ደግሞ አንተ እኮ ከደሴ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሃረጎን ቁልቁለት ለመውረድ እንኳ አትበቃም። ከላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከሹምሸሃ፣ ከተማው ድረስ ያለውን ትቼልሃለሁ።

መናኸሪያ ሮጥኩ። ሚኒባስ እስኪሞላ ያለውን የማያውቅ የለም። ሐይቅ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልድያ። ቀጥሎ የዲልብ ዳገት። ቀጥሎ ጋሸና፣ ከጋሸናም ገና 60 ምናምን ኪሎ ሜትር።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ ወልድያ ሳለሁ፣ አጎቴ ደወለ። «የት ደረስክ? ሰዉ ፀሐይ ላይ ነው» አለኝ። ምን ልበለው? «ቅበሩ» አልኩት። ሰው ትከሻ ላይ ተጣብቄ፣ ጉልበቴ ላይ የማላውቀው ሰው ፌስታል ተቀምጦ፣ አክስቴን ቅበሩ አልኩ። ያሳደገችኝ ሴት ናት። ከባሕር ማዶ የተነሳ ሰው ላሊበላን አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እኔ ከዚሁ ከወሎ ተነስቼ አፈር ላለብሳት አልቻልኩም!

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ይታደላል። አጎቴ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ቀስ ብሎ የእጅ ሰዓቱን አየ። «25 ደቂቃ ብለኸኝ ነበር» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

አርባዋ ሲወጣ አንተም ለቅሶ ድረስ እንጂ። ቅርብህ ነው።