ኮዱን ካሳዩት ይረክሳል

በልጅነቴ የምናውቃቸው መድኃኒት አዋቂ ሥር የሚምሱት ጎህ ሳይቀድ፣ የሰው ዓይን ሳያርፍባቸው ነበር። የሥሩን ስም ቢጠየቁ «ከተነገረ ይረክሳል» ብለው ያልፋሉ። ሲሞቱም ይዘውት ሄዱ። ያ ጥበብ ጠፋ ብላችሁ የምታዝኑ ተጽናኑ፤ ተመራማሪዎቻችን ዘንድ ላፕቶፕ ይዞ ቀጥሏል።

በቅርቡ አንድ ጥናት ሳነብ ግርጌው ላይ «ኮዱ ለጠየቀ ይሰጣል» የሚል አየሁ፤ ኮዱ ማለት ኮምፒውተሩ ዳታውን አስልቶ ውጤቱን እንዲያወጣ የተጻፈለት ትእዛዝ ነው። ምን ያለ ደግነት ነው! ጠየቅሁ። በኢሜይል ለመንኩ፣ በቴሌግራም ለመንኩ፣ በሦስተኛው ወር በሰው በሰው አንድ ፍላሽ ደረሰኝ። ውስጡ አራት ፋይሎች አሉ፦ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እና «ይሄ ይሻላል»። የታተመውን ውጤት ያወጣው የትኛው ነው? እሱማ ከተነገረ ይረክሳል።

«ይሄ ይሻላል»ን ከፈትኩት። ገና የመጀመሪያው መስመር ዳታውን የሚፈልገው ከተመራማሪው ላፕቶፕ፣ ዴስክቶፑ ላይ ካለ «አዲስ ፎልደር» ነው። ያ ላፕቶፕ ከሌላችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው። የትኛው ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ ኮዱ የሚደገፍበት ኮድ)፣ የትኛው ቨርዥን እንደሚያስፈልግ የምትናገር አንዲት መስመር የለችም። ፓይተን 2፣ ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ አሮጌው ቨርዥን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መባቻ ድጋፉ ቢቆምም እዚህ ቤት እንደ አዛውንት ተከብሮ ይኖራል። ኮድ ለሁሉም በሚታይበት ድረ ገጽ፣ ጊትሃብ ላይ፣ ማስቀመጥ ነፃ ነው የሚሉ ችኩል ወጣቶች አሉ፤ ተዋቸው።

ደግሞስ ያሳዩት ምን አተረፉ? ሬይንሃርትና ሮጎፍ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2010 የመንግሥት ዕዳቸው ከአጠቃላይ ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈባቸው ያደጉ አገሮች ኢኮኖሚ በአማካይ በ0.1 በመቶ ይቀንሳል ብለው ጻፉ። በጀት መቁረጥ የፈለገ ፖለቲከኛ ሁሉ ጠቀሳቸው። ኋላ ቶማስ ሄርንደን የሚባል ተማሪ የኤክሴል ፋይላቸውን ጠየቃቸው፤ የዋሆቹ ሰጡት። ቀመሩ ከ20 አገሮች 5ቱን ዘሏቸው ኖሯል። ከሌሎቹ ግድፈቶች ጋር ታርሞ በ2013 ሲወጣ ቅነሳው 2.2 በመቶ ዕድገት ሆኖ ቁጭ አለ። አያችሁ? ፋይሉ ባይሰጥ ኖሮ እኮ ማን ይሰማ ነበር!

ወደ ፍላሹ ልመለስ። ከኮዱ መሐል እንዲህ የምትል ማስታወሻ አገኘሁ፦ «ዝናቡን በ0.73 አባዛ። ለምን እንደሆነ ዶክተርን ጠይቅ።» ዶክተር ጡረታ ወጥተዋል። ስልካቸውን አፈላልጌ ደወልኩ።

«0.73?» አሉና ትንሽ ዝም አሉ። «አዎ፣ አዎ። ያን ዓመት ዝናቡ በዝቶብኝ ነበር።»

«እንዴት በዛብዎት?»

«ግራፉ አላምር አለኛ! ስማ ልጄ፣ አደራህን፣ ይቺን ቁጥር ለሰው እንዳትናገር።»