ክረምት ድንገት አይመጣም እኮ!

አሁንስ በዛ! ትናንት ማታ በሞንታርቦ «የቆቃ ግድብ ስለሞላ ውኃ ይለቀቃል፤ ከወንዙ ዳር ራቁ» ተባልን። ወዴት ነው የምንርቀው? ቤታችንም፣ ሽንኩርታችንም፣ ላማችንም አዋሽ ዳር! እሱም የተነገረን ውኃው ማሳ ከገባ በኋላ ነው። እናመሰግናለን!

ክረምት በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ ከተፍ ይላል። ቀጠሮ አፍርሶ አያውቅም። ታዲያ የግድቡ መሙላት ሁልጊዜ ዱብ ዕዳ የሚሆነው ለምንድን ነው? ቆቃ በ1960 እ.ኤ.አ. የተመረቀ ግድብ ነው። ስንት ዘመን ሙሉ ከደጋ የታጠበ አፈር ሲጋት ኖሯል! ደለል የያዘው ቦታ ውኃ አይዝም። ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን ያስፈልጋል? ለመብራት ውኃ መጠራቀም አለበት፤ እሺ፣ ገባን። ቀደም ብሎ ቀስ በቀስ ማስተንፈስስ ምን ይከብዳል? የለም! እስከ አፍ ገደፉ ይጠበቅና ባንዴ ይዘረገፋል።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ እስከ አፋር ስንቱን አፈናቀለ። ተማርን? አምና የተደረደረው የአሸዋ ጆንያ ተቀዳዶ ፍየል ይተኛበታል። በጋ ላይ «ክትር ይሠራልን» ስንል በጀት የለም። ጎርፍ ሲመጣ ግን ለፎቶ የሚሆን ጀልባ አይጠፋም። ብርድ ልብስም ይታደላል። የት ላይ እንድናነጥፈው ነው?