«በላይ ዘለቀ» የሚባል አስትሮይድ በገንዘብ አይገኝም

አንድ የጎጃም ተወላጆች ኮሚቴ ሰሞኑን መዋጮ አሰባስቦ ለአንድ አስትሮይድ (ፀሐይን ለሚዞር ትንሽ የዓለት አካል) «በላይ ዘለቀ» የሚል ስም ከውጭ ሻጭ ሊገዛ ወስኗል። የሚያናድደው ለአባ ኮስትር ክብር መታሰቡ አይደለም። በስሙ የሚገዛው ባዶ ወረቀት መሆኑ ነው።

የአስትሮይድ ስም አይሸጥም። ስም የማቅረብ መብት የአግኚው ነው፤ አስትሮይዱ ምሕዋሩ (ፀሐይን የሚዞርበት መንገድ) ተረጋግጦ ቋሚ ቁጥር ካገኘ በኋላ 10 ዓመት ጊዜ አለው። የሚያጸድቀው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የስያሜ ቡድን ነው። ስሙ በላቲን ፊደል ከ16 ሆሄ መብለጥ የለበትም፣ የንግድ ስም አይሆንም፤ በፖለቲካ ወይም በጦርነት የታወቀ ሰው ስም ከሆነ ደግሞ ሰውየው ከሞተ 100 ዓመት ሊሞላው ይገባል። በላይ የተሰቀለው በ1937 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ እስከ 2037 ዓ.ም. ማንም ቢያቀርበው አይጸድቅም! ኮሚቴው ይህችን አንድ መስመር ቢያነብ ኖሮ ከድሃ ኪስ አንድ ብር ባልወጣ ነበር።

«ቴሌስኮፕ የለን፣ ክረምቱ ደመና፤ ከመግዛት ሌላ ምን እናድርግ?» ይላሉ የኮሚቴው ሰዎች። አግኚ ለመሆን ግን የራስ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። የጮቄ ደመና እዚህ ምን አገባው? ሰማዩን ፎቶ የሚያነሣው ሐዋይ ውስጥ ሐሊያካላ ተራራ ላይ ያለው ፓን-ስታርስ ቴሌስኮፕ ነው፤ መስተዋቱ 1.8 ሜትር ይሰፋል። ዓለም አቀፉ የአስትሮይድ ፍለጋ ትብብር ምስሎቹን ለተመዘገቡ የተማሪ ቡድኖች በነጻ ይሰጣል። አስትሮሜትሪካ የተባለው ሶፍትዌር በተራ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ይሠራል። በደቂቃዎች ልዩነት የተነሡ የአንድ ሰማይ ቁራጭ አራት ምስሎች ይጫናሉ፤ ሶፍትዌሩ ከዋክብቱን ከካታሎግ (የከዋክብት ቦታ ዝርዝር) ጋር አገጣጥሞ ምስሎቹን እያፈራረቀ ያሳያል። ከዋክብቱ ቆመው አንድ ነጥብ ከተራመደ አስትሮይድ ሊሆን ስለሚችል ይመዘገባል። በማርስና በጁፒተር መካከል ያለው የዋናው ቀበቶ አስትሮይድ ምድር በእሱና በፀሐይ መካከል ስታልፍ በሰዓት ከ30 እስከ 40 አርክሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ገደማ ይጓዛል። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ እርምጃው እኩል፣ ድምቀቱ ተቀራራቢ መሆን አለበት። በአንዱ ምስል ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው የኮስሚክ ጨረር ወይም የተበላሸ ፒክስል ነው፤ ጀማሪ የሚታለለው በዚህ ነው። ከምስሎቹ ጋር የሚመጣውን የማዋቀሪያ ፋይል የረሳ ደግሞ ከዋክብቱ ከካታሎጉ ጋር አይገጥሙለትም፤ ልኬቱ ሁሉ ይዛባል። አበቅቴና መጥቅዕን በቃሉ የሚያሰላ ሊቅ በሞላበት አገር ወጣቱ ይህን አይችልም ማለት ስድብ ነው።

አዎ፣ ጊዜ ይወስዳል። የሁለት ሌሊት ልኬት የሚያስገኘው ጊዜያዊ መለያ ብቻ ነው። «ኢትዮጵያ» የተባለውን 1432ኛውን አስትሮይድ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሲሪል ጃክሰን ከጆሃንስበርግ ያገኘው ሐምሌ 25 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1937)፣ አገራችን በጣሊያን ወረራ ሥር ሳለች ነበር። ጊዜያዊ መለያው «1937 ፒጂ» ነው፤ «ፒ» የኦገስትን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ «ጂ» በዚያ አጋማሽ 7ኛው መሆኑን ያሳያል። ፀሐይን በ3 ዓመት ከ8 ወር ይዞራል፤ ስለዚህ ምድር በመካከል የምታልፈው በ16 ወር ተኩል ገደማ አንዴ ነው። ለቋሚ ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አራት እንዲህ ያለ ወቅት መታየት ያስፈልጋል፤ ለዚህኛው ቢሰላ ከአራት ዓመት በላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከአጭር ቅስት፣ ማለትም ለጥቂት ቀን ብቻ ከታየ የመንገዱ ቁራጭ፣ የተሰላ ምሕዋር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእውነተኛው ቦታ ይርቃል። ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፒያሲ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ያገኛት የመጀመሪያዋ አስትሮይድ ሴሬስ ከ41 ቀን በኋላ ጠፍታ ነበር። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ምሕዋሯን ባያሰላ ኖሮ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀን ዳግም ባልተገኘች። ስም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ነው፤ ደረሰኝ የሚቆርጠው ሻጭ ከነዚህ ደረጃዎች አንዱንም አልነካም።

መዋጮው ለደብረ ማርቆስና ለፍኖተ ሰላም ተማሪዎች ኮምፒውተር ይግዛበት። ኮሚቴው እምቢ ካለ ግን ከመክፈሉ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ የአስትሮይዱ ቋሚ ቁጥር ስንት ነው? አግኚውስ ማን ነው?