አትንካው!

እሁድ ዕለት የባለቤቴ ወንድም ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ሁለተኛው ላይ ደርሰናል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ የአንድ ብር ሳንቲም አየሁና አነሳሁት። ሳንቲም ሲገኝ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ይነሳል፣ ይገለበጣል፣ አንበሳውና ሚዛኑ ይታያል። ሰውዬው ግን ሲኒውን አስቀምጦ ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ በጣትህ አትንካው!»

ፍም የጨበጥኩ መሰለኝ። ለቀቅኩት። ሳንቲሙ ወለሉ ላይ ሦስቴ ነጠረ። «ጭራሽ ጣልከው!» ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ሳንቲም ሰብሳቢ ሆኗል። አምና ንብ አናቢ ነበር። የሰብሳቢዎች ትልቁ ሕልም ምን መሰላችሁ? ከመቅረጫው ማሽን ትኩሱን እንደወጣ፣ ኪስ ሳይገባ፣ ገበያ ሳያይ የቀረ ሳንቲም ማግኘት። ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጡታል። 70 ያገኘ በአጉሊ መነጽር ቢፈለግ እንኳ ጭረት አይገኝበትም። የጣት ላብ ብረቱን ስለሚያበላሽ በጓንት ይያዛል። ጓንት ከሌለ በጠርዙ። እኔ ልጆቼ ሲወለዱ እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቄ አልያዝኳቸውም።

ካረጋጋነው በኋላ የአሜሪካኖቹን ታሪክ ጀመረልን። በ1933 እ.ኤ.አ. ባለ 20 ዶላር የወርቅ ሳንቲም 445,500 ፍሬ ቀረጹ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሰው ወርቅ በእጁ እንዳያከማች ከለከሉ። ሳንቲሞቹ ገበያ ሳይወጡ ቀለጡ። ጥቂቶቹ ግን ሾልከው ወጡ፤ አንዱ እስከ ግብፁ ንጉሥ ፋሩክ ድረስ ደረሰ። አንድ ፍሬ ብቻ በግል እጅ እንዲቆይ ተፈቅዶለት በ2002 በ7.59 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሸጠ። በ2021 ደግሞ በ18.9 ሚሊዮን። እኔን ያሳቀኝ ሌላ ነገር ነው። በ2002 በሚሊዮኖቹ ላይ 20 ዶላር ተጨምሮ ተከፍሏል። ለምን ቢባል ሳንቲሙ ከመንግሥት ካዝና በወጉ አልወጣምና ፊቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ለመንግሥት መከፈል አለበት! ያን ሁሉ ሚሊዮን ቆጥሮ ሲያበቃ «ዝርዝር 20 አለህ?» ተባለ ማለት ነው።

ዝርዝር ካነሳን አይቀር፣ የሰፈራችን ባለሱቅ ዝርዝር ኖሮት አያውቅም። መልሴን በማስቲካ ነው የሚሰጠኝ። መንጋጋዬን ካስነቀልኩ ስንት ዘመኔ! አንድ ቀን ሃያ ያህል አጠራቅሜ ሄድኩና «በዚህ ዳቦ ስጠኝ» አልኩት። አሞሃል ወይ በሚል ዓይን አየኝ። ማስቲካው ከእሱ ወደ እኔ ሲመጣ ገንዘብ ነው። ከእኔ ወደ እሱ ሲሄድ ማስቲካ ይሆናል። በቀን ስንት ሰው እንዲህ እንደሚሸኝ አስቡት። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ሌብነት ነው። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የምትለውን ተረት የምወዳት ለዚህ ነው። ጠጠር ቢሰጡን እንኳ ለግንብ ይሆነን ነበር።

ተረቷን እዚያው ቡናው ላይ ጮክ ብዬ ተናገርኳት። ባለቤቴ በእግሯ ነካ አደረገችኝ። ገብቷታል። ይሄው ጓንት አጥላቂ ወንድሟ ለጥምቀት «ለአንድ ሳምንት ብቻ» ብሎ 4,000 ብር ተበድሮኛል። ያኔ ጓንት አላስፈለገውም። በባዶ እጁ ነው የተቀበለኝ።

እሱ እንዳልሰማ ሆኖ መሳቢያውን ከፈተ። ፓሪስ የተቀረጸ የምኒልክ ብር አለው፤ 1887 ዓ.ም. የሚል። ያ ብር ወጥቶም ሕዝቡ ጠገራውን አልተውም ብሎ ነበር። የጠገራዋ እመቤት፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ፣ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብሯ ግን እስከ ዛሬ ያንኑ ዓመት ተሸክሞ ቪየና ይቀረጻል። አያቶቻችን ዝም ብለው አይቀበሉትም ነበር። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ አተኩረው አይተው፣ ዕንቁዎቹን ቆጥረው፣ ከተፋቀ ይመልሱታል። ነጥብ አሰጣጡን ከፈረንጅ ነው የተማርነው እንዳትሉኝ። የጃንሆይ ሳንቲሞችም እንደዚያው ናቸው፤ ከ1936 ዓ.ም. በኋላ ለመገበያያ የተቀረጹትም 1936 እንዳሉ ቀሩ። ሴትዮዋ 1780 ላይ፣ ጃንሆይ 1936 ላይ፣ የእኔ ብድር ደግሞ ጥምቀት ላይ ቆመዋል።

የምኒልኩ ብር ግን መስታወት መስሏል። አማቴ፣ የእሱ እናት ማለት ነው፣ ለፋሲካ ቤት ሲያጸዱ አገኙትና በአመድና በሎሚ ፈተጉለት። ለካ በሰብሳቢዎች ዘንድ ያረጀ ሳንቲም ከተፈተገ ዋጋው ይወድቃል። ጥቁረቱ ነው ክብሩ። «እማዬ አጠፋችኝ» አለ። እሳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው «ጠቁሮ ነበር እኮ ልጄ፣ ሰው ቢያየው ምን ይላል?» አሉ። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። በሰማንያ ዓመታቸው ያን ያህል የፈተጉለትን ልጅ አንድ ሰው እንኳ «እናትህን አመስግን» አላለውም።

ምን ነበር ያነሳሁት? አዎ፣ ሳንቲሙ። በረካ ጠጥተን ተነሳን። «እኔም መሃል ከተማ ጉዳይ አለኝ» ብሎ አብሮን ወጣ። ታክሲው ሞልቶ ሊሄድ ሲል ኪሶቹን ዳበሰ።

«ጋሼ፣ አንድ ብር ጎደለኝ። ዝርዝር ይኖርሃል?»

«ያ እኔ የነካሁት አለ አይደል?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰ። ረዳቱ ሁለቴ «የቀረ አለ?» ብሎ ጠየቀ። እሱ ገብቶ በዚያው ቀረ፤ እኛም ሄድን።