ግሮሰሪ ሲታሸግ ቆማችሁ ለምታዩ

የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ከጫጫ እስከ አጣዬ፣ ከአንኮበር እስከ መሐል ሜዳ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ነገሬ ስለ መጠጥ ነው። ጠጡ ወይም አትጠጡ ልላችሁ አልመጣሁም፤ ለእሱ የንስሐ አባት አላችሁ። የምገስጻችሁ መጠጥ ለመሸጥ በሚያስፈልገው ፈቃድ ጉዳይ ነው። ፈቃድ የመስጠትና የመንሳት ሥልጣን እናንተን ለመጠበቅ የተሰጠ ነበር። በሻጭና በሹም መካከል የሚቸረቸር ዕቃ ሲሆን ግን አይታችሁ ዝም አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ዋጋውን አብራችሁ ተደራደራችሁ። አሁን ዕቃው ተወደደ ብላችሁ ታማርራላችሁ።

ሹሙን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔም እወቅሰዋለሁ። ግን “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት በየድግሱ እየሳቀ የሚተርተው ማነው? የሠፈራችሁ ልጅ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሲመደብ “እንግዲህ አለፈልህ” ብላችሁ የምትመርቁት እናንተ ናችሁ። ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ ቤት ሳይሠራ ከተነሣም “ምን ዓይነት ሞኝ ነው” የምትሉት እናንተው ናችሁ። ንጹሕ ሆኖ ለወጣው ሰው አንድ ቀን እንኳ ምስጋና ሳትሰጡ፣ የበላውን እያደነቃችሁ፣ የሚመጣው እንዳይበላ መጠበቅ ከየት የመጣ ተስፋ ነው?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ መንግሥት በመጠጥ ቤት ላይ ሥልጣን የያዘው ለምን እንደሆነ እናስታውስ። ልጅ እንዳይጠጣ። ጎረቤት እንዲተኛ። የሚቀዳው ነገር ዓይን እንዳያጠፋ። ብርጭቆው በንጹሕ ውሃ እንዲታጠብ። ግብሩም ለሕዝብ ካዝና እንዲገባ። ከዚህ ውጭ ለወረዳም ሆነ ለከተማ አስተዳደር “እገሌ ይሽጥ፣ እገሌ አይሽጥ” የሚያሰኝ ምንም ምክንያት የለም። እገሌ የማነው ልጅ፣ ማንን ያውቃል፣ ባለፈው ስብሰባ ላይ ምን ተናገረ የሚሉት ጥያቄዎች ከፈቃድ ጋር አይገናኙም።

አሁን እናንተ ከዚህ ውስጥ የትኛውን እንደምትጠብቁ ልጠይቃችሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅንም ከልክሏል። ማስታወቂያው ወዲያው ጠፋ፤ ጣቢያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ተቆጣጣሪውም አዲስ አበባ ተቀምጦ ይሰማቸዋል። የ21 ዓመቱን ነገር ግን አዲስ አበባ ሆኖ ማንም አያየውም። የምታዩት እናንተ ናችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በየትኛው ግሮሰሪ ነው አንድ ጎረምሳ መታወቂያ ሲጠየቅ ያያችሁት? የደንብ ልብሱን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ጥግ ላይ ጃምቦ የጨበጠ ተማሪ ስታዩ “የእገሌ ልጅ አይደለም እንዴ?” ትላላችሁ፣ ትስቃላችሁ፣ ቢበዛ እናቱ ጋ ሄዳችሁ ታወራላችሁ። ቀጂውን “ለምን ሸጥክለት?” ያለው የታለ? አዋጁ የሚይዘው ልጁን ሳይሆን ሻጩን ነው።

ስለ ብቃት ማረጋገጫ አላበዛም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ምግብና መጠጥ ቤት ለመክፈት የንግድ ምዝገባና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ባለሙያ መጥቶ ሽንት ቤቱን፣ ውሃውን፣ ዕቃ ማጠቢያውን አይቶ፣ ሠራተኞቹ የጤና ምርመራ ማድረጋቸውን አረጋግጦ መፈረም አለበት። በሩ ድረስ መጥቶ ኮካ ጠጥቶ ፈርሞ የሚሄድ ባለሙያ ካለ፣ ኮካውን የጋበዘው ባለቤት ነው። ሽንት ቤት አጥቶ ግድግዳ ሥር የሚቆመው ጠጪ ደግሞ እናንተ ናችሁ።

አንዲት ግሮሰሪ ያላት እናት የነገረችኝን ልንገራችሁ፤ የከተማዋን ስም ልተወው፣ በዞናችን ውስጥ ናት። የገበያ ቀን ነበር፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ። ሁለት የጽሕፈት ቤት ሰዎችና አንድ ደንብ አስከባሪ መጡ። ጠጪውን “ውጡ” አሉ። አንድ ሽማግሌ የያዙትን ብርጭቆ ቆመው ጨልጠው፣ ሒሳባቸውን ቆጥረው ከፍለው ወጡ። እሷ ፈቃዷን ከግድግዳው ከነፍሬሙ አውርዳ አሳየቻቸው፤ የታደሰ ነው። ሰውየው አላነበበውም። “ከላይ የመጣ ነው” ብቻ አላት። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በሁለቱ መዝጊያዎች መገናኛ ላይ በሙጫ ተለጠፈ። ውስጥ ያን ዕለት ጠዋት የተከፈተ የድራፍት በርሜል ነበር። ድራፍት አንዴ ከተከፈተ ብዙ አይቆይም፤ ጋዙ ሄዶ ይበላሻል። “በርሜሉን እንኳ ላውጣ” ብላ ለመነች። “ሰኞ ቢሮ ነይ” ተባለች። ሰኞ ኃላፊው ስብሰባ፣ ማክሰኞ መስክ፣ ረቡዕ ኔትወርክ የለም። በመጨረሻ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ በረንዳ ላይ ጠብቆ የበሩን ዋጋ ነገራት፤ ከፈለች፣ ወረቀቱም ተላጠ። ለምን እንደታሸገች እስከ ዛሬ የጻፈላት የለም።

እኔን ያናደደኝ ግን ሹሞቹ ብቻ አይደሉም። ሲታሸግ ከመንገዱ ማዶ ብዙ ሰው ቆሞ ያይ ነበር አለችኝ፤ አብዛኛው ደንበኛዋ፣ ዱቤ የሰጠችው፣ ልጁ ሲታመም ያበደረችው። “ምክንያቱን በጽሑፍ ስጧት” ያለ አንድ ሰው አልነበረም። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። አንዷ “ድሮም ልቧ አብጦ ነበር” አለች። ማታ ሁሉም ሁለት በር አለፍ ብሎ ካለው ግሮሰሪ ገብተው ጠጡ። ዝም አይነቅዝም ትላላችሁ። እሺ፣ ዝምታችሁ አልነቀዘም፤ የእሷ ቢራ ግን ተበላሸ።

ጥቆማ የምትሉትም ነገር አለ። ሕግ የጣሰን ቤት መጠቆም የዜጋ ሥራ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን የምታደርጉትን እናውቃለን። ከትምህርት ቤት አጥር ጥግ የተከፈተውንና እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሙዚቃ የሚያስጮኸውን ጭፈራ ቤት አትጠቁሙም፤ ባለቤቱ ከማን ጋር እንደሚሠራ ይነገራል፣ ትፈራላችሁ። የምትጠቁሙት ጎረቤት ያላትን ሁለት ጠረጴዛ ነው፤ ያውም ገበያዋ ስለደራ። ተቆጣጣሪውም ይህን ዓመላችሁን ያውቀዋል። ስም የሌለው ጥቆማ በእጁ ሲገባ የማንን በር እንደሚያንኳኳ የሚመርጠው እሱ ነው፤ መክፈል የሚችለውንና የሚከራከርለት የሌለውን ይመርጣል። እናንተ ምቀኝነታችሁን ሰጣችሁት፣ እሱ ደሞዝ አደረገው።

ባለ ግሮሰሪዎችና ባለ ሆቴሎች፣ እናንተም ዞር በሉ። “ምን ላድርግ፣ ሁሉም ይሰጣል” ስትሉ ሰምቼ ሰልችቶኛል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚቀጣው ተቀባዩን ብቻ አይደለም፤ ሰጪውንም ነው። ይህን ሹሙ በደንብ ያውቃል፤ ለዚህ ነው ከተቀበለ በኋላ የማትናገሩበት። የመጀመሪያውን “ሻይ” የሰጣችሁ ዕለት አፋችሁን በገዛ ብራችሁ ዘጋችሁት። በዓመቱ ሲመጣ ዋጋው ይጨምራል፣ እናንተም የምትከሱበት አፍ የላችሁም። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ተበደልን እያላችሁ፣ በዚያችው “ሻይ” ጎረቤት ያለው ተወዳዳሪያችሁ ፈቃድ እንዳያገኝ ታስደርጋላችሁ። ይሄ ተበዳይነት ነው?

ስለ አረቄውም ልናገር፣ ሌላው የሚሸሸው ነገር ነውና። ደብረ ብርሃን በብርዷና በአረቄዋ ትታወቃለች። ዳግም አረቄ ከፋብሪካ መጠጥ በብርታቱ አይተናነስም። የሚያወጡት ሴቶች ናቸው፤ ከጌሾና ከብቅል ጋር ታግለው፣ በጭስ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ልጅ ያስተምሩበታል። ፈቃድ ሲወራ ስማቸው አይነሣም፤ ዘመቻ ሲወራ ግን ቀድመው የሚደፉት የእነሱ ጀሪካኖች ናቸው። ያን ቀን የደፋው ሰው ትናንት ማታ እዚያው ቤት ተቀምጦ መለኪያ ሲያነሣ የነበረ ሊሆን ይችላል። በመጠኑ ልክ ያልወጣና ማንም ያልመረመረው አረቄ ሰው ይጎዳል፤ ይህን አልክድም። ለዚህ ነው ቁጥጥር ያስፈልጋል የምለው። ግን መደፋትና መሸሽ ቁጥጥር አይደለም። ሴቶቹ ተደራጅተው የሚመዘገቡበት፣ ምርታቸው የሚመረመርበት፣ ቀለል ያለ ግብር የሚከፍሉበት መንገድ ይከፈት ብላችሁ በከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ እጅ ያነሣችሁ ስንት ናችሁ? ጽዋ ማኅበር ላይ ጠላውን ታመሰግናላችሁ፣ ጠማቂዋን ግን ለተቆጣጣሪ ትተዋላችሁ።

ይህን ስል ደግሞ “መጠጥ ቤት የቆሻሻ ሥራ ነው፣ ቢታሸግ ምን ገዶኝ” የሚል ይኖራል። እንዲያ የሚል ሰው ከተማውን አያውቅም። ሐበሻ ቢራ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖችን ይዞ ፋብሪካውን የተከለው ደብረ ብርሃን ነው፤ ዳሽንም እንዲሁ ሁለተኛ ፋብሪካውን እዚሁ አቁሟል። ሲመረቁ አጨበጨባችሁ፣ ልጆቻችሁ ሥራ ሲያገኙ ደስ አላችሁ፣ የገብሱም ገበያ ጥሩ ነው አላችሁ። ያ ቢራ የሚጠጣው የት መሰላችሁ? ፋብሪካው ጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ አለው፤ በሩን በሙጫ የሚያሽግበት የወረዳ ሰው የለም። በሙጫ የሚታሸገው የእሱን ቢራ የምትሸጠው ሴት በር ነው። ሥልጣን ደካማ ላይ ሲበረታ ሕግ ይመስላችኋል እንጂ ሕግ አይደለም።

አንኮበር የሸዋ ቤተ መንግሥት መቀመጫ በነበረበት ዘመን ጠጅ የጌቶች መጠጥ ነበር፤ ባላገሩ ጠላውን ይጠጣ ነበር። ማን ምን እንደሚቀርብለት የሚወሰነው ከላይ ነበር። ያን ጊዜ “ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ” ማለት እውነትን መናገር ነበር። ዛሬ ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ አንቀጽ 41 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በኢኮኖሚ ሥራ የመሰማራት መብት አለው ይላል። በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ አዝዟል፣ ቅር የተሰኘም ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲያስመረምር ፈቅዷል። አዋጁ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት በቀጥታ አይመለከትም፤ ይህን በሐሰት አልነግራችሁም። ነገር ግን ወረዳ ላይ “ምክንያቱን ጻፉልኝ” ብሎ መጠየቅን የከለከለ ሕግ የለም፤ ቅሬታ ሰሚ አለ፣ እንባ ጠባቂ አለ፣ ፍርድ ቤትም አለ። የጠፋው ጠያቂ ነው። “ከላይ የመጣ ነው” ስትባሉ ላዩ የት እንደሆነ፣ ደብዳቤው ስንት ቁጥር እንደሆነ አትጠይቁም፤ እንደ ድሮው ንጉሥ አድርጋችሁ ትቀበሉታላችሁ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ እነዚህን ነው። ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ነው፤ በእነዚያ ወራት የቀበሌያችሁ እድር ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ በአካባቢው ፈቃድ ያላቸው መጠጥ ቤቶች ስም ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ብሎ ይጠይቅ። ሲለጠፍ ሄዳችሁ አንብቡት፤ ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ ያለውን እዩ፣ እዚያ መከፈት ካልተገባው ስማችሁ ያለበት አቤቱታ ጻፉ፣ ፊርማችሁን አኑሩበት። ስም የሌለው ጥቆማ ተዉ። ጎረቤት ሲታሸግ ሦስት ሰው ሆናችሁ ቅረቡና “ደብዳቤው የታለ?” በሉ፤ ደብዳቤ ካለና ጥፋቷ እውነት ከሆነ እሷኑ ገስጹ፣ ደብዳቤ ከሌለ ደግሞ የመጡትን ሰዎች ስምና የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ጠይቃችሁ ጻፉ። ባለ ግሮሰሪዎች፣ ደረሰኝ የማይቆረጥበት ብር አታውጡ፤ “ሻይ” ያላችሁን ሰው ከነስሙ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ለፀረ ሙስና አመልክቱ። ለልጅ አትሽጡ፣ መታወቂያ ጠይቁ፣ ሽንት ቤታችሁን ሥሩ፤ ያኔ ባለሙያው ኮካ ሳይጋበዝም ቢመጣ የምትፈሩት ነገር አይኖርም። የከተማ ምክር ቤት አባላትም የመረጣችሁ ሰው እንዳለ አትርሱ፤ በሚቀጥለው ጉባኤያችሁ ላይ ባለፈው ዓመት ስንት መጠጥ ቤት በምን ምክንያት እንደታሸገ ጠይቁና መልሱን ለሕዝብ አሰሙ።