ሊደራደር የሄደውን ሁሉ ባንዳ ለምንል ለእኛ

ጎጃም ገጠር ውስጥ አክስት አለችኝ። ኔትወርክ የሚገኝበት ኮረብታ ላይ ወጥታ ነው የምትደውልልኝ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት። «ተቀመጡ ወይ?» ትለኛለች። ማን አሸነፈ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ማን የትኛው ከተማ ገባ አትልም። ተቀመጡ ወይ ብቻ። ባለፈው «ኧረ ገና ነው እትዬ፤ ማን ይሸምግል፣ የት ይሁን፣ ማን ማንን ይወክል የሚለው አላለቀም» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እና እስከዚያ እኛ የት እንቀመጥ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ይህን የምጽፈው ግን ለእሷ ሳይሆን ለእናንተ ነው፣ ወገኖቼ። ለራሴም ጭምር።

አማራ ክልል ውስጥ በመንግሥትና በፋኖ መካከል ያለው ጦርነት እንዲያበቃ እንፈልጋለን ስንል ሁላችንም አንድ አፍ ነን። ጠቡ የሚነሳው «እንዴት» የሚለው ሲመጣ ነው። አንዱ «መጀመሪያ ትጥቅ ይፍቱ» ይላል። ሌላው «መጀመሪያ እስረኛ ይፈታ፣ ሠራዊቱ ከከተማው ይውጣ» ይላል። አንዱ «በሕገ መንግሥቱ ማዕቀፍ» ሲል፣ ሌላው «ያጣላን እሱ አይደል እንዴ?» ይላል። የውጭ አደራዳሪ ካልገባ አናምንም የሚል አለ። ፈረንጅ ምን ቤት ነው የሚልም አለ። «ፋኖ አንድ ሳይሆን ከማን ጋር ነው ድርድሩ?» ብሎ የሚጠይቅም ሞልቷል። እነዚህ ሁሉ የእውነት ከባድ ጥያቄዎች ናቸው። ሰው ቢከራከርባቸው አይደንቅም፤ መከራከርም አለበት። እኔ የምገሥጸው ክርክሩን አይደለም። ሊቀመጥ የተነሳውን ሰው ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ባንዳ የምንልበትን አመላችንን ነው።

ይህ አመል ምን እንደሚያመጣ አስባችሁታል? ድርድሩን ጨለማ ውስጥ ይከተዋል። በገሃድ ቢሄድ ስሙ እንደሚጠፋ፣ ቤተሰቡ እንደሚሰደብ፣ አንዳንዴም ጥይት እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ሰው በገሃድ አይሄድም። ወይ ይቀራል፣ ወይ ተደብቆ ይሄዳል። ተደብቆ ሲሄድ ደግሞ ያስጠረጥራል። ከዚያ እኛው ተነስተን «ንጹሕ ከሆነ ለምን ከሕዝብ ተደበቀ?» እንላለን። እኛው አይደለን እንዴ የደበቅነው?

የድሮ ሰው እንዲህ አልነበረም ልል ነው። የድሮ ሰው መልአክ ነበር ማለቴ ግን አይደለም፤ ደም ሲቃባ የኖረው እሱ ራሱ ነው። ቢሆንም ማስታረቅን ያውቅበት ነበር። ወሎ ላይ አበጋሮች አሉ። ጎጃምና ጎንደር ላይ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች አሉ። ሰው ሲገደል ሽማግሌው ሟች ቤትም ይሄዳል፣ ገዳይ ቤትም ይሄዳል። የሟች ወንድም አልሰማህም ብሎ ይመልሰዋል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ ይመልሰዋል። ሽማግሌውም ይመለሳል። ግን «ገዳዩ ቤት ገብተሃልና አንተም ገዳይ ነህ» የሚለው የለም። ሽማግሌ ያሰኘው እኮ ሁለቱም ቤት መግባቱ ነው። አንዱ ቤት ብቻ የሚገባማ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ እኛ ዘመን ኑ። ሰኔ 2016 ላይ ባሕር ዳር የሰላም ምክር ቤት ተቋቋመ። ሰዎቹ ሥራቸውን ሳይጀምሩ «የመንግሥት ተላላኪ» የሚል ስም ተለጠፈባቸው። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አልልም። ከሁለቱ ተፋላሚዎች አንዱ ባለበት መድረክ የተመረጠ ሽማግሌ የሌላውን ሙሉ እምነት ማግኘቱ ይከብዳል። ይህን መናገር ተገቢ ነው። ግን መጠርጠር ሌላ፣ መውገር ሌላ።

በወዲያኛው፣ በመንግሥት በኩል ያላችሁም አትሳቁ። ስለ ድርድር ያነሳውን ሁሉ «የጽንፈኛ አፍ» የምትሉት እናንተ ናችሁ። ይህችን ዘፈን ከዚህ በፊትም ሰምተናታል። በ2013 ትግራይ ላይ ጦርነቱ ሲጀመር «ኧረ ተነጋገሩ» ያለ ሰው ጁንታ ይባል ነበር። ሰው በዚህ ከጓደኛው ተቆራርጧል። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ጥቅምት 23, 2015፣ ለመንግሥት ሬድዋን ሁሴን፣ ለሕወሓት ጌታቸው ረዳ፣ ደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ ላይ ፈርመው ተጨባበጡ። ንግግሩ የፈጀው ዘጠኝ ቀን ነው። ዘጠኝ ቀን! በመሃል ስንት ሰው ሞተ? ከአደራዳሪዎቹ አንዱ የነበሩት የቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ኦባሳንጆ እስከ 600,000 ሊደርስ ይችላል ብለዋል። ቁጥሩ ያከራክራል፣ እሺ። ግማሹ ይሁን። ሩቡ ይሁን። ለዘጠኝ ቀን ንግግር የተከፈለ ነው።

ስለ ፕሪቶሪያ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም አመላችን ሙሉ በሙሉ የታየው እዚያ ነው። ስምምነቱ ጉድለት ነበረበት። ጦርነቱ ውስጥ የነበረችው ኤርትራ ጠረጴዛው ላይ አልነበረችም። ብዙ የአማራና የአፋር ሰው «መሬቱ ላይ የተዋጋነው እኛ፤ ወንበር ግን አላገኘንም» ብሏል። የወልቃይትና የራያ ጉዳይ «በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታል» በሚል አንድ ሐረግ ታለፈ። ቦታውን ወልቃይት እንበለው ወይስ ምዕራብ ትግራይ የሚለው ራሱ እስከ ዛሬ ያጣላናል። ከዚያ የተፈናቀለው የትግራይ ሰው ዓመታት አልፈውም መጠለያ ውስጥ ነው። ትጥቅ በ30 ቀን ይፈታል የሚለው አንቀጽም እንደተጻፈው አልሆነም። እነዚህን ማንሳት ነውር አይደለም። እንዲያውም ቀድመን በደንብ ብናነሳቸው ኖሮ ምናልባት በመጋቢት 2015 መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ ሲባል አገር እንደዚያ አይናወጥም ነበር።

እኛ ግን ምን አደረግን? ፎቶውን አየን። ማን ፈገግ አለ፣ ማን የማንን እጅ ጠበቅ አድርጎ ጨበጠ፣ ማን ከማን ጋር ተቃቀፈ። ጽሑፉን ስንቶቻችን አነበብነው? ፈራሚዎቹን ግን ሁላችንም አወቅናቸው። እዚህ «ወያኔን ከሞተችበት አስነሷት» ተባለ። እዚያ ደግሞ ጌታቸው በገዛ ድርጅታቸው ሰዎች ከሃዲ ተባሉ፤ በ2017 ከመቀሌ ወጥተው አዲስ አበባ ተቀመጡ። አንድ ወረቀት ላይ ሁለቱም ወገን «ተሸጥን» ብሎ ሲያለቅስ፣ ምናልባት ማንም አልተሸጠም ይሆናል ብዬ ያሰብኩበት ጊዜ አለ። ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ መድፉ ዝም ብሏል። ባንክ ተከፍቷል፣ ስልክ ሠርቷል፣ ሰው ወንድሙ ይኑር ይሙት ለማወቅ በቅቷል። ትንሽ ነገር ነው የሚለኝ ካለ ሁለት ዓመት ስልክ ሲጠብቅ የኖረን ሰው ይጠይቅ።

ድርድር የተሸናፊ ነው የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ምኒልክ የካቲት 23, 1888 ዐድዋ ላይ አሸነፉ። ጥቅምት 17, 1889 አዲስ አበባ ላይ ከዚያው ከጣሊያን ጋር ውል ፈረሙ። የውጫሌ ውል ተሻረ፣ የአገሪቱ ነጻነት ታወቀ። «መረብን ለምን አልተሻገሩም?» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። ይከራከሩበት፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ምኒልክን ጠላት ጋር ስለተቀመጡ ባንዳ የሚል አላየሁም። ከዚያ ታሪክ መማር ካማረን የውጫሌን አንቀጽ 17 እንይ። በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የነበረው በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ወጣ። አንድ ግሥ ናት ጦርነት ያመጣችው። ዓይናችንን መትከል የነበረብን እንዲህ ያለው ላይ ነው።

ስለ ቅድመ ሁኔታም አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ1982 መባቻ ደርግና ሻዕቢያ በጂሚ ካርተር አማካይነት አትላንታ ተቀመጡ። ለዓመታት ወንበዴና ገንጣይ ሲባሉ ከኖሩት ጋር ነው እንግዲህ። በኅዳር ናይሮቢ ላይ ቀጠሉ። ስለ ዋናው ጉዳይ ገና አልተነጋገሩም። የተያዙት በሥነ ሥርዓቱ ነበር። ማን ይታዘብ? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በታዛቢነት ይግባ ወይስ አይግባ? እዚያ ላይ ተጣበቁ። የካቲት ላይ ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። ከዚያ በኋላ ስለ ታዛቢ መከራከር ምን ይሠራል? ግንቦት 1983 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ተስፋዬ ዲንቃ ለንደን ሲደርሱ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወጥተዋል፣ ኢሕአዴግ የአዲስ አበባ በር ላይ ነው። ጉባኤው በተከፈተ ማግስት ገባ። ለንደን ላይ የሚደራደሩበት ነገር አልቆ ነበር። «ቅድመ ሁኔታዬ ካልተሟላ አልቀመጥም» የምትሉ የሁለቱም ወገን ሰዎች፣ ያንን የናይሮቢ ክፍል አስቡት። እዚያ የነበሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ጊዜ ያላቸው መስሏቸው ነበር።

ታንዛኒያስ? በሚያዝያ 2015 ዛንዚባር፣ በኅዳር 2016 ዳሬሰላም፣ መንግሥትና የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ሁለት ጊዜ ተቀመጡ። በሁለተኛው የሠራዊቱ አዛዥ ጃል መሮ ራሱ ከጫካ ወጥቶ ሄዶ ነበር። ሳይስማሙ ተለያዩ። ያን ቀን ከእኛ መሃል ያጨበጨበ ሰው አለ፤ አውቃለሁ፣ አይቻለሁ። «ጥሩ ሆነ፣ ከነሱ ጋር ምን ድርድር አለ» ብሎ። ወለጋ ላይ የሚሞተው ኦሮሞም ሆነ አማራ ገበሬ ያን ጭብጨባ ቢሰማ ምን ይል ነበር?

እስቲ የምንናገርበትን ቦታም እንይ። አንዱ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ላይቭ ይገባል። ሌላው ቦሌ ማኪያቶ ይዞ «እስከ መጨረሻው!» ይላል። ልጁን ጠዋት ትምህርት ቤት አድርሶ ነው የመጣው። የማን መጨረሻ? አማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጅ ትምህርት ቤት እንዳልገባ በ2017 የተናገረው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ነው። በርቀት ያለ ሰው አይናገር እያልኩ አይደለም። እኔም ርቄ ነው የምናገረው። ግን ጦርነቱ ይቀጥል ብሎ መናገርና ድርድሩ እንዲህ ይሁን ብሎ መናገር እኩል አይደሉም። የመጀመሪያውን የሚል ሰው ቢያንስ ዕዳውን ከማን ኪስ እንደሚከፍል ይንገረን።

ተደራዳሪን አትጠይቁ አላልኩም። ጠይቁት፣ አፋጥጡት። ማን ላከህ? የማንን ጉዳይ ይዘህ ገባህ፣ የማንን ረስተህ ወጣህ? ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቃል ምን ይላል፣ በሦስቱም በአራቱም ቋንቋ አንድ ነው ወይ? እስረኛው መቼ ይፈታል፣ ተፈናቃዩ በምን መኪና ይመለሳል፣ ስምምነቱ ቢጣስ ዳኛው ማነው? በአልጀርሱ ውል ኢትዮጵያና ኤርትራ የድንበር ኮሚሽኑን ፍርድ የመጨረሻና አስገዳጅ ነው ብለው ፈርመዋል። ሚያዝያ 1994 ላይ ፍርዱ ሲወጣ እኛ ዘንድ የተነገረው ድል ነበር። ባድመ ግን ለኤርትራ ተወስና ነበር። ያን ጊዜ አንቀጹን የሚያነብና የሚጠይቅ ሰው በዝቶ ቢሆን ብዬ እቆጫለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ተደራዳሪውን ያጠነክረዋል፤ «ሕዝቤ ይህን አይቀበለኝም» ብሎ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው ነገር ይኖረዋል። ባንዳ የሚለው ስድብ ግን ምንም አይሰጠው። ከወንበሩ ያስነሳዋል፣ አለቀ።

እዚህ ድረስ ካነበባችሁልኝ የራሴንም ልናገር። ፕሪቶሪያ የተፈረመ ማታ ፌስቡክ ላይ «ደማችንን ሸጡት» ብዬ ለጠፍኩ። አንድም አንቀጽ አላነበብኩም ነበር። ላይኩ ጎረፈ፤ ደስም አለኝ። ከቀናት በኋላ ጽሑፉን ቁጭ ብዬ አነበብኩትና ፖስቴን አጠፋሁት። ለካ አንዱ ስክሪንሾት አንስቶታል። ስለ ሰላም አንዲት መስመር በጻፍኩ ቁጥር አምጥቶ ከሥሩ ይለጥፍልኛል። ዛሬም መለጠፉ አይቀርም። ይለጥፈው።